64 ቁጥርን ተከትዬ እስከ አቢሊን

ረቡዕ ማታ፣ አርሊንግተን፣ ቴክሳስ

የልብስ ማጠቢያውን ከፍቼ እጄን ስሰድ መዳፌ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተለጠፈ። ላየው ሰው ጥቁር አዝሙድ ይመስላል። ጎማ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ የሚነሰንሱት የጎማ ፍርፋሪ። ልጄ በካልሲው፣ በጫማው፣ በፀጉሩ ሳይቀር ይዞት ይመጣል። ምንጣፉ ላይ አለ። አንሶላው ላይ አለ። መኪናዬ ውስጥ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ስጠርገው ኖርኩ። ዛሬ ግን መዳፌ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ።

የፊታችን አርብ አቢሊን ላይ ይጫወታሉ። የፕሌይኦፍ ሁለተኛ ዙር ነው። የተሸነፈ ይሰናበታል። ልጄ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ካሸነፉ አንድ ሳምንት ይጨመርለታል። ከተሸነፉ ፉትቦል ለእሱ አበቃ። በዚህ አገር ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ለሃይስኩላቸው ይጫወታሉ። ኮሌጅ ገብተው የሚቀጥሉት ጥቂቶች ናቸው። የኔ ልጅ ከጥቂቶቹ አይደለም። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ፉትቦል ስል እኛ ያደግንበትን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ሄልሜትና ፓድ የሚሉትን የትከሻ መከላከያ አድርገው የሚጋጠሙበትን ነው። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ቡድን ብለው አያቆሙም፤ ፕሮግራም ይሉታል። መጀመሪያ ቃሉ አልገባኝም ነበር። ሜዳ የሚገቡት 11 ልጆች ናቸው። ፕሮግራሙ ግን የዘጠነኛ ክፍል ጀማሪዎቹን፣ ሁለተኛውን ቡድን፣ ቁርጭምጭሚት የሚያስሩትንና ውኃ የሚያመላልሱትን ተማሪዎች፣ ማርሽ ባንዱን፣ ዳንሰኞቹን፣ ናቾስ የሚሸጡትን ወላጆች ሁሉ ይይዛል። ፉትቦል እንደ ሒሳብ የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው። አሠልጣኞቹ የወረዳው ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ናቸው። የልጄ አሠልጣኝ ጠዋት ጠዋት ታሪክ ያስተምራል።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ "እማዬ፣ ፈርሚልኝ" ብሎ ወረቀት ይዞ መጣ። አልፈርምም አልኩ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። በመጨረሻ የታሪክ አስተማሪው ጠርቶ አነጋገረኝ። በሳምንት ውስጥ እውነተኛ ግጥሚያ ያለበት ልምምድ ለአንድ ልጅ ከ90 ደቂቃ እንደማይበልጥ፣ ጭንቅላቱን ተመቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ከሜዳ ወጥቶ ሐኪም ሳይፈቅድ እንደማይመለስ ነገረኝ። ፈረምኩ። ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

አሥረኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ ወደቀ። 66 አመጣ። ቴክሳስ ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ "ያላለፈ አይጫወትም" የሚል ሕግ አላት። ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ጨዋታ የለውም። ልጄ ሦስት ሳምንት ታገደ። በቃ ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ተስፋም አድርጌ ነበር። ሕጉ ግን ልምምድ አይከለክልም። ሦስቱን ሳምንት አንድ ቀን ሳያጓድል ወጣ። ማታ ማታ ደግሞ መሐል ላይ ተቀምጦ ኳስ የሚያቀብለው ልጅ፣ ሴንተር የሚሉት፣ ቤታችን እየመጣ ኬሚስትሪ ያስጠናው ጀመር። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ግዙፍ ልጆች አጎንብሰው። ሻይ አፈላላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ 81 አመጣ።

አርብ ማታ የሥራ ፈረቃዬ ስለሆነ አብዛኛውን ጨዋታ አላየሁም። ውጤቱን የምከታተለው በስልኬ ነው፤ በሽተኛ እያገላበጥኩ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ። ለዚህ ሳምንት ግን የሥራ ባልደረባዬ ፈረቃዋን ቀየረችልኝ። ውለታዋን እግዜር ይክፈላት።

ሐሙስ፣ በ20 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ

ጋሼ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው። "ልጁን ሳላይ ነው እንዴ የምመለሰው?" ብሎ አብሮኝ ተነሣ። ተማሪዎቹ ነገ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት። እኛ በአንድ ቀን ቀደምናቸው። መንገዱ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ትንፋሽ ይደረሳል፤ እኛ ግን እየቆምን ነው የሄድነው።

ፎርት ዎርዝን አልፈን ዌዘርፎርድ ስንደርስ ሕንፃው ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ ሜዳና ቁጥቋጦ ነው። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየና "ይህን ዛፍ አውቀዋለሁ" አለ። መስኪት ይሉታል፣ እሾሃም ነው። አፋር ውስጥ ግጦሹን የወረረው ዛፍ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጋሼ አዋሽ አካባቢ ለዓመታት ሠርቷል። ቴክሳስ ውስጥ የሚያውቀው ነገር በማግኘቱ ፊቱ ፈካ።

"ልጁ ግን ምንድን ነው የሚጫወተው?" አለኝ።

"ጋርድ ነው። የግራ ጋርድ።"

"ኳሱን መቼ ነው የሚይዘው?"

"አይዝም፣ ጋሼ።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ። የእሱ ቦታ ላይ ያሉት አምስቱም አይዙም። ኳስ ቢወረወርም መቀበል አይፈቀድላቸውም። ለዚህ ነው ቁጥራቸው ከ50 እስከ 79 የሆነው፤ ዳኛው እንዲለያቸው።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ፊት ለፊቱ ያለውን ገፍቶ መንገድ ይከፍታል።"

ጋሼ ዝም አለ። ብዙ መንገድ ሄድን። እሱ በልጅነቱ ደሴ ለትምህርት ቤቱ የግራ ተመላላሽ ነበር። ሲጫወት እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ ይሉኛል፤ እኔ አላስታውሰውም።

ምሳ ስትሮን ላይ በላን። ስትሮን ከአንድ ሺህ ሰው በታች ያላት ከተማ ናት። ሜሪስ ካፌ የሚባል ቤት አለ፤ የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያዘዝነው ቺክን ፍራይድ ስቴክ ነው። ስሙ ዶሮን ቢጠራም ሥጋው የበሬ ነው፤ እንደ ዶሮ በዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል። ጋሼ ሲቀርብለት ሳህኑን አዟዙሮ አየው። ትንሹን ነበር ያዘዝነው፤ ለሁለታችንም ተረፈ።

ይህች ከተማ 11 ተጫዋች አታወጣም። ስለዚህ በስድስት ትጫወታለች። በዚያ ጨዋታም የቴክሳስ ሻምፒዮን ሆና ታውቃለች፤ ያውም ደጋግማ። የስድስት ሰው ፉትቦል በፈረንጆቹ 1934 ነብራስካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ስቲቨን ኤፕለር የሚባል አስተማሪ ነው የፈጠረው። ዘመኑ የድህነት ዘመን ነበር። ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች 11 ልጅና የ11 ልጅ ትጥቅ ከየት ያመጣሉ? እሱ ሜዳውን ወደ 80 ያርድ አሳጠረው፣ ሰዉን ቀነሰው። ልጆቹም ተጫወቱ።

ማታ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲህ ያለ የፕሌይኦፍ ጨዋታ አገኘንና ገባን። ማንንም አናውቅም። ብርዱ ይጋረፋል። አንዲት አሮጊት ብርድ ልብሳቸውን አጋሩን። ጨዋታው በጣም ፈጣን ነው፤ ስድስቱም ኳስ መያዝ ይችላሉ። አንዱ በ45 ነጥብ ከመራ ከእረፍት በኋላ መቀጠል የለም፣ ያልቃል። የያዘኝ ግን ጨዋታው አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ወደ መልበሻ ክፍል አልገቡም። ሄልሜታቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ ፓዳቸውን እንደለበሱ፣ ላባቸው እየተነነ መለከት አነሱና ከባንዱ ጋር ተሰለፉ። ባንዱ 15 ሰው አይሞላም። እነሱ ከቀሩ ዜማው ይጎድላል።

ጋሼ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ "እዚህ አንድ ሰው ቢቀር ይታወቃል" አለኝ።

አቢሊን የገባነው ሌሊት ነው። ሞቴሉ ውስጥ ከነገዎቹ ተጋጣሚዎቻችን ወላጆች ጋር ተገናኘን። በትሕትና ሰላም ተባባልን።

አርብ፣ ኅዳር 12፣ አቢሊን

የዛሬው ቀን ኅዳር ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበረብኝ። ከንጋቱ በፊት ተነሥቼ መብራቱን ሳላበራ ጸለይኩ። "የእናቱን ልጅ አደራ" አልኩት፤ ከዚያ ደግሞ የዚያኛው ቡድን ልጆችም እናት አላቸው ብዬ ለእነሱም ጨመርኩ።

ቀኑ አልሄድ አለኝ። ጾም ነው፤ ከቤት የያዝነውን ሽሮና ጎመን በላን። ከተማዋን በመኪና ዞርናት። ከሰዓት በኋላ እኛን የመሰሉ ሰዎች ከምሥራቅ መግባት ጀመሩ። የመኪና መስታወት ላይ በነጭ ቀለም የልጅ ስምና ቁጥር ተጽፏል። እኔም 64 ብዬ ጽፌያለሁ።

ጨዋታው ሾትዌል ስታዲየም ነው። የማንኛቸውም ሜዳ አይደለም። በፕሌይኦፍ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተነጋግረው መሐል ቦታ ይመርጣሉ። አቢሊን ከምዕራብ ለሚመጡትም ከእኛ በኩል ለሚመጡትም ይመቻል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን አውቶቡሶቹ ገቡ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወረዱ፤ አይስቁም፣ አያወሩም። ልጄ አየኝ። አገጩን ትንሽ ቀና አደረገና አለፈ። ከኋላቸው የባንዱ አውቶቡሶችና ከበሮ የጫነው ተሳቢ መጡ። ባንዱ ከተጫዋቾቹ ይበዛል።

እናቶቹ ደረታቸው ላይ የልጆቻቸው ፎቶ ያለበት ትልቅ ክብ ባጅ አድርገዋል። ለእኔም አንድ አስቀምጠውልኝ ነበር። ብዙ ጨዋታ ያልመጣሁ እናት ነኝ፤ እነሱ ግን በየዓመቱ ባጁን ያሠሩልኝ ነበር። ይህን ዛሬ ነው የሰማሁት። የአራቱንም ዓመት በአንድ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። የዘጠነኛ ክፍሉ ላይ ፊቱ ገና ክብ ነው፣ ፓዱ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል። ጋቢዬን አስተካክዬ አራቱንም አንድ ላይ ሰካሁ።

ባለቤቴ ከባድ መኪና ይነዳል። ኒው ሜክሲኮ መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ጨዋታው ተጀመረ።

ጋሼን "ኳሱን አትይ" አልኩት። እኔ ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ወስዶብኛል። ዓይን ኳሱን ነው የሚከተለው። ሬዲዮውም የሚናገረው ስለ ኳሱ ነው። ባለቤቴ ጨዋታውን ሙሉ ሰምቶ የልጁን ስም አንዴም ላይሰማ ይችላል። ልጁን ለማየት ኳሱን መተው ያስፈልጋል። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት 64 ቁጥር አንድ እጁን መሬት ያስነካል። በግራው የመስመሩ ዳር ላይ የሚቆመው ታክሉ አለ፣ በቀኙ ሴንተሩ አለ። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ከዚያ ድምፅ ይሰማል። ፓድ ከፓድ ሲላተም በር በኃይል እንደተዘጋ ይመስላል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። እስኪነሣ ድረስ አልተነፍስም። ይነሣል። በአንድ ጨዋታ ስልሳ ሰባ ጊዜ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ሦስተኛው ሩብ ላይ 21 ለ 14 እየተመራን ነበር። ልጄ ፊት ለፊቱ ያለውን ትቶ በሴንተሩ ጀርባ ዞሮ ወደ ቀኝ ሮጠ። እንዲህ ያለ ሥራ አላቸው፤ ከቦታቸው ወጥተው ለሌላው በር የሚከፍቱበት። አንድ ግዙፍ ልጅ መጣበት። ልጄ ዝቅ ብሎ ገባበትና ይዞት ወደ ጎን ሄደ። በተከፈተው ቦታ የኛ ሯጭ እንደ ነፋስ አለፈ። ታችዳውን፣ የፉትቦሉ ጎል። ስታዲየሙ ተነሣ፣ መለከቱ ጮኸ፣ የሯጩ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሯጩ ኳሱን ለዳኛው ሰጠና ወደ ጓደኞቹ አልሮጠም። ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጄ ገና ከመሬት እየተነሣ ነበር። እጁን ይዞ አነሣው፣ ሄልሜቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ጋሼ አይቷል። እንባውን በጋቢዬ ጫፍ ጠረገ።

አራተኛውን ሩብ ባጭሩ ላሳልፈው። 27 ለ 21 ተመራን። ሰዓቱ ሊያልቅ 38 ሰከንድ ሲቀረው የእነሱ 9ኛ ያርድ ላይ ደረስን። የመጨረሻ ሙከራ ነበር። ኳርተርባካችን፣ ኳስ ወርዋሪው ልጅ፣ ወረወረ። አምስቱ ማንንም አላሳለፉም፤ ተረጋግቶ ለመወርወር ጊዜ ነበረው። ኳሱ የተቀባዩን ጣት ነክቶ ወደቀ።

ተጨባበጡ። ከዚያ በዚህ አገር ወግ መሠረት ሁሉም ወደ ባንዱ ዞረው ቆሙ። የትምህርት ቤቱ መዝሙር ተጀመረ። ያሸነፈም የተሸነፈም እንዲህ ያደርጋል። ሲኒየሮቹ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ፣ ከፊት ናቸው። መለከት የሚነፋ አንድ ልጅ ትንፋሽ አጥሮት መሣሪያውን አወረደ። እሱም ሲኒየር ነበር። የታሪክ አስተማሪው ከመዝሙሩ በኋላ አምስቱን ልጆች ተራ በተራ አቀፋቸው። ለእያንዳንዳቸው ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ተናገረ። ለልጄ ምን እንዳለው አልጠየቅኩም።

ወላጆች ሜዳ መግባት ሲፈቀድ ሄድኩ። አቀፈኝ። ፓዱ ደረቴን ወጋኝ። ላብ፣ ሣርና ጎማ ይሸታል። ጉንጩ ላይ ጥቁሩ ፍርፋሪ ተለጥፏል። "እማዬ፣ ሐሙስ ልምምድ የለንም" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ሐሙስ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ነው። ቴክሳስ ውስጥ በታንክስጊቪንግ ጠዋት ልምምድ መውጣት ትልቅ ክብር ነው፤ ያንን ቀን የሚያዩት ሦስተኛ ዙር የደረሱት ብቻ ናቸው። ከሐምሌ ጀምሮ ሲመኘው ነበር።

"በኔ መኪና እንሂድ፣ ደክሞሃል፣ ተኝተህ ትሄዳለህ" አልኩት። ወላጅ ከፈረመ ይፈቀዳል።

"አይ፣ ከእነሱ ጋር ነው የምመለሰው።"

አውቶቡሱ ሲወጣ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። በመስኮቱ ጭንቅላቶች ብቻ ይታያሉ። የትኛው የኔ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ የመልስ ጉዞ

ጠዋት ነፋሱ በርትቶ ነበር። እኔ እየነዳሁ ጋሼ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። በጭነት መኪና ጀርባ ቆመው ከደሴ ወልዲያ ለጨዋታ የሄዱበትን ነገረኝ። ማሊያው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ስምንት ብቻ ስለነበር ሦስቱ በራሳቸው ነጭ ሸሚዝ ቁጥር በከሰል ጽፈው ገቡ። እሱ ከሦስቱ አንዱ ነበር። ዝናብ ዘነበና ከሰሉ ፈሰሰ። ዳኛው ተመልሶ "አንተ ስንት ቁጥር ነህ?" ሲለው አሥሩ ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ "ሦስት!" ብለው ጮኹ።

ውጤቱን ጠየቅኩት። አላስታወሰውም። የአሥሩን ስም ግን ከበረኛው ጀምሮ በየቦታቸው ቆጠረልኝ። ሁለቱ በሕይወት የሉም። በእነሱ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር። ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩበት።

እሁድ፣ አርሊንግተን

እዚህ አገር ንግሥ ወደ እሁድ ስለሚዛወር ሚካኤልን ዛሬ አነገሥን። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ልጄን "ሰማን፣ ተሸነፋችሁ አሉ፤ አይዞህ" አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ትናንት ማታ ዶሮ ሠርቼ ነበር። የነቢያት ጾም ነገ ይገባል። ልጄን "ጓደኞችህን ጥራ" አልኩት። ላይንማኖቹ፣ የልጄ መስመር አምስቱ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ በተራ አንዱ እናት ቤት አብረው ይበሉ ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ሥራ እየሆነብኝ ፒዛ ነበር የማዝላቸው። ዛሬ አልሆነም፤ ዛሬ ቤት ነኝ።

አራቱ መጡ። በሩን ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። ጫማቸውን በረንዳው ላይ አወለቁ፤ አንዱ ጫማ የጋሼን ሁለት ያህላል። እጃቸውን ታጥበው ረጅሙ ሶፋ ላይ ተደረደሩ። ስለ ነገ እያወሩ ነበር። ሰኞ ዕቃ ይመልሳሉ፤ ሄልሜቱን፣ ፓዱን፣ ማሊያውን። አንደኛው "ከሄልሜቴ ላይ ስቲከሩን ልላጠው ነው" አለ። ሌላው "እኔ አልነካውም፣ ለሚቀጥለው ልጅ ይሁን" አለ።

ትሪውን ይዤ ስመጣ ነው ያየኋቸው። ማንም ሳይነግራቸው በቦታቸው ነው የተቀመጡት። ከግራ ታክሉ፣ ቀጥሎ ልጄ፣ መሐል ላይ ኬሚስትሪ ያስጠናው ልጅ፣ ከዚያ የቀኙ ጋርድ፣ ዳር ላይ የቀኙ ታክል። ትከሻ ለትከሻ። ጠቦባቸዋል። ፊት ለፊታቸው ሁለት ባዶ ወንበር አለ።

ልጄ እንጀራ ቆረሰ። ዶሮውን ጠቀለለ፣ እንቁላል ጨመረበት። ወደ ቀኙ ዞረ። ሴንተሩ የጉርሻን ወግ ያውቃል፤ ከዚያች ከኬሚስትሪዋ ወር ጀምሮ። አፉን ከፍቶ ጠበቀው።